ለፍሬሽ ተማሪ፦ ክረምቱን ደንዲ ወረዳ ላይ ማበላሸት እንዲህ ነው

ከሁሉ በፊት ቀን ቁረጥ። «ሐሙስ ማታ ጊንጪ ነኝ» ብለህ ለእናትህ ደውል፤ ከዚያ ከዶርም ልጆች ጋር አዲስ አበባ እስከ እሑድ ቆይ፣ ስልክህንም አጥፋ። ከአስኮ መናኸሪያ ጊንጪ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ እናትህ ግን ሆለታ ላይ መኪና ሲገለበጥ፣ ኦሎንኮሚ ላይ ጎርፍ ሲወስድህ እያየች ሦስት ሌሊት ታነጋለች። የሐሙሱ ዶሮ እሑድ ሞቆ ሲቀርብልህ «ዘይት በዝቶበታል» ብለህ ገፋ አድርገው። ዓመቱን ሙሉ ስለ ካፌው ሽሮ በስልክ ስታለቅስ የከረምከው ሌላ ሰው ነው።

ጎረቤት «አካም ጂርታ?» ብለው እጃቸውን ሲዘረጉልህ «ፋይን» በል። አፍ የፈታህበትን አፋን ኦሮሞ ሁለት ሴሚስተር ያጠፋብህ ይመስል ቃል እየፈለግህ ተንተባተብ። ሰው ይስቃል፤ አንተ አድናቆት ነው ብለህ ውሰደው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ፤ እርሻ። የጊንጪ ኮቲቻ አፈር ውኃ ሲጠጣ እግር ይውጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጤፍ የሚዘራው ዝናቡ በበረታበት በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ መጀመሪያ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ እጅ የሚፈለገው ልክ አንተ እረፍት ላይ ባለህበት ወቅት ነው። አባትህ በሬ ጠምደው፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ ቆመው ውኃ ማፋሰሻ ቦይ ሲያወጡ፣ አንተ ደረቁ ዳር ላይ ሆነህ «አባ፣ ይሄ እኮ ቨርቲሶል ነው» በል። በጂኦግራፊ ኮርስ ከተማርከው ላይ አንድም ነገር ሳታስቀር ንገራቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከዚህ አፈር ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው ስሙን ሳያውቁ መቅረት የለባቸውም። «እሺ፣ እስቲ ያንን አካፋ አቀብለኝ» ካሉህ ጫማህን ተመልከት። «ትምህርት ያጣመመህ ልጅ!» ካሉህ ደግሞ «አባ፣ ይሄ አድ ሆሚነም ነው» በላቸው፤ ሎጂክ የተማርከው ለዚህ ቀን ነው።

አረም ሲደርስ ደንዲ ሐይቅ ሂድ። ከወንጪ ጋር በገበታ ለሀገር ስሙ የገነነው ሐይቅ እያለ ጤፍ መሐል ማጎንበስ ኪሳራ ነው። ፎቶውን ስትለጥፍ «መንደሬ» ብለህ ጻፍበት፤ እዚያው መንደርህ እህትህ ያንተን ድርሻ እያረመች ነው።

ውጤት ከተጠየቅህ «ሲስተም ዳውን ነው» የሚለው እስከ መስከረም ያደርስሃል። አባትህ ሐኪም እንደምትሆን ለዕድርተኛው ሁሉ ስለተናገሩ፣ ዲፓርትመንት በጂፒኤ እንደሚመደብ ማስረዳት ልባቸውን መስበር ነው፤ ዝም በል። ቢሆንም ታናሽ እህትህን ማስተማርህን አትተው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ትፈራለች፤ መፍራቷም ያለ ነገር አይደለም፤ በ2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። አንተ ግን «ምን አላት፣ ጭንቅላት ላለው ሰው ቀላል ናት» በላት። በሪሜዲያል መግባትህን ምን ስትል ትነግራታለህ?

የመጨረሻው ጥበብ ጊዜ መምረጥ ነው። ገንዘብ ኅዳርና ታኅሣሥ፣ አዝመራ ሲሰበሰብ እንዳትጠይቅ፤ ያኔማ ይሰጡሃል። ጎተራው ባዶ የሚሆንበትን፣ የአምናው እህል አልቆ የዘንድሮው ገና ሣር የሆነበትን ጳጉሜን ጠብቅና «ያለ ላፕቶፕ ትምህርት የለም» በል። እናትህ ለዘመን መለወጫ ያሰበችውን በግ አባትህ ወደ ጊንጪ ገበያ ሲነዱት ከተኛህበት ሆነህ አደራ በላቸው፦ ኮር አይ ሰቨን ይሁን፣ ከዚያ ያነሰው ፊልም ላይ ይንቀራፈፋል።