ሥጋው መጀመሪያ፣ እንጀራው መጨረሻ

እኔ ባደግሁበት ማዕድ ሥጋውን አስቀድሞ የሚለቅም ልጅ በቁንጥጫ ነበር የሚታረመው። እንጀራውን በወጡ እያጠቀሱ ሆድን ማስያዝ፣ ሥጋው በታላቅ እጅ ሲታደል በመጨረሻ መቀበል፤ ወጉ ይኸው ነው። ዛሬ ሲልቨር ስፕሪንግ ተቀምጬ የማየው ጉድ ግን ሌላ ነው። ጎልማሳው የእህቴ ልጅ ፊት ለፊቴ ዶሮውን ብቻ ፈልቅቆ ይበላል፤ እንጀራው እንደ ጠረጴዛ ልብስ እንደተዘረጋ ይቀራል። ብቆጣው «ጋሼ፣ ፕሮቲን ይቅደም ተብያለሁ፤ ቦታ ከተረፈ ነው እንጀራ» ይለኛል። እናቱ ስንት ዘመን የደከመችበትን ሥርዓት የምግብ ባለሙያዋ በአንድ ወረቀት ሻረችው።

ውፍረት ለመቀነስ ኦፕራሲዮን ሆኗል። ባይፓስ ይሉታል። ጨጓራውን ከላይ ከፍለው እንቁላል የምታህል ከረጢት አስቀሩለትና ከትንሹ አንጀት ጋር ቀጠሏት። የቀረው ጨጓራ እዚያው ሆዱ ውስጥ ምግብ ሳያይ ጡረታ ወጥቷል። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1966 አይዋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው ኤድዋርድ ሜሰን የሚባል ቀዶ ሐኪም ነው፤ በቁስለት ምክንያት ጨጓራቸው የተቀነሰላቸው ሰዎች ሲከሱ አይቶ። የእህቴ ልጅ ስኳሩ ወርዶለታል፣ ደረጃም ሳያለከልክ ይወጣል። እግዜር ይስጣቸው፤ በዚህ አልከስም።

ግን ጨጓራውን ቆረጡ እሺ፤ ምላሱን ማን ነካው? ይህ ሰው እኮ ክትፎው ላይ ቅቤ ይጨመርልኝ ባይ ነበር! ዱለት ከሌለ ቁርስ አልበላሁም የሚል፣ በላዩ ላይ ባቅላባ የሚደርብ። ዛሬ ቅቤ ሲነጠር ሸትቶት መስኮት ይከፍታል። ቀይ ሥጋ አልወርድ ይለዋል። ጣፋጭ ከቀመሰ ስኳሩ አንጀቱ ውስጥ ባንዴ ይዘረገፍና ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ይተኛል። ማን ባቅላባ በልቶ ይታመማል? ሐኪሙን ጠይቄዋለሁ። አንጀት የጥጋብ ሆርሞን አብዝቶ ስለሚለቅ አንጎል ቶሎ «በቃ» ይላል፣ ብዙዎች ቅባትና ጣፋጭ ያስጠላቸዋል አለኝ። ደግሞ አንዳንዱ ሰው ቆይቶ የድሮ አምሮቱ ይመለስበታል አለ፣ እንደ ማስጠንቀቂያ። እኔ እንደ ምሥራች ሰማሁት፤ ለዚያ ቀን ብዬ ከአገር ቤት ቅቤ ማስላኬን አላቋረጥኩም።

ውሃ ከምግብ ጋር ክልክል ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ለስላሳ አይታሰብም። ጠጅማ አንድ ብርሌ ሳይጨርስ ይሰክራል፣ ቶሎ ደሙ ውስጥ ስለሚገባ። የንስሐ አባቱ ለሁዳዴ ለምነው ያላስጾሙትን ሰው ሐኪሙ ዕድሜ ልኩን በቪታሚን ኪኒን፣ በብረትና በካልሲየም አስሮታል። በጾም ወቅት ምስርና ሽሮ ግራም እየቆጠረ ይበላል። ሽሮ በግራም!

ጉርሻውን አታንሱብኝ። አንድ ጉርሻ ያጣላል እንላለን፤ እሱን ሁለተኛው ያስመልሰዋል። «በሞቴ» ብል፣ «አፈር ስሆን» ብል ወይ ፍንክች! እኔ በቁሜ ስንት ጊዜ ሞትኩለት?

ሰሞኑን ምግብ ቤት ወሰደኝ። ተቀምጠን ሳናበቃ ከሆስፒታል የተሰጠው ካርድ አወጣ፤ ቀዶ ሕክምና ስላደረገ የልጆች መጠን ምግብ እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። የአገራችን ልጅ አስተናጋጇ አገላብጣ አየችው። «ከእሳቸው ጋር ከአንድ ትሪ አይደል እንዴ የምትበላው?» አለችው። ትባረክ። ማኅበራዊ ለሁለት መጣ፤ እሱ እንቁላሏንና ጥቂት ዓሣ አኘከ፣ አኘከ፣ አሁንም አኘከ፤ ትሪውን እኔ አጸዳሁት። ሒሳቡን እሱ ከፈለ። ካርዱ ቅናሽ የለውም፤ ጠይቄያለሁ።