የዙር ዓይነቶችና ባሕርያት፦ መጠነኛ ጥናት

ዙር ማለት አንድ ነገር ከተነሳበት ሄዶ ወደ ተነሳበት መመለሱ ነው። አገራችን በዚህ ሀብት የታደለች ብትሆንም ዙሮቿ እስከ ዛሬ በወጉ ተመድበው አያውቁም። ይህ ጥናት በአራት ይከፍላቸዋል።

አንደኛው የሰማይ ዙር ነው። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዐውድ ይሉታል፤ ሰባት ዓይነትም አለው። ዐውደ ዕለት በ7 ቀን፣ ዐውደ አበቅቴ በ19 ዓመት፣ ዐውደ ፀሐይ በ28 ዓመት ይመለሳል። 19 በ28 ሲባዛ 532 ይመጣል፤ ይህም ዐውደ ቀመር ነው። ይህን ያህል ዓመት ዞሮ አንድ ቀን እንኳ አለመዘግየቱ ጉዳዩ በኮሚቴ ስላልተያዘ ሳይሆን አይቀርም።

ሁለተኛው የሰፈር ዙር ነው። ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ያበቃል፤ ሐሜቱ ግን ወደ አራተኛው የማለፍ መብቱ የተጠበቀ ነው። እቁብም በአባላቱ ቁጥር ልክ ዞሮ ያልቃል። በመጀመሪያው ዙር እጣ የወጣለት ሰው ሰፈር የመቀየር ዝንባሌ ስለሚያሳይ ዋስ ይጠራል።

ሦስተኛው የስታዲየም ዙር ነው። 10 ሺህ ሜትር 25 ዙር ሲሆን የመጨረሻው ሲጀመር ደወል ይደወላል። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ብቻ ነው። ደወሉ ባይኖር ሁለቱም እስከ ዛሬ በሮጡ ነበር።

አራተኛው የመሥሪያ ቤት ዙር ነው። ባለጉዳይ ከመዝገብ ቤት ወደ ቡድን መሪ፣ ከቡድን መሪ ወደ መዝገብ ቤት ይዞራል፤ ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። የዚህ ዙር ርዝመት እንኳን በሜትር በአበቅቴም አልተሰላም። ቁጥሩም አስቸጋሪ ነው፦ የአዲስ አበባ 14ኛው ዙር የ20/80 ኮንዶሚኒየም እጣ ሐምሌ 2014 ወጥቶ ተሰረዘ፤ ኅዳር 2015 እንደገና ወጣ። ስለሆነም አንዱ 14ኛ ዙር ራሱን ችሎ ሁለት ዙር ሆኗል።

ከዚህ በመነሳት ጥናቱ አንድ የመፍትሔ ሐሳብ ያቀርባል፦ ባለጉዳዩ የመጨረሻው ምልልስ ላይ መድረሱን እንዲያውቅ በየመሥሪያ ቤቱ እንደ ስታዲየሙ ደወል ይተከል። ሐሳቡ ተቀባይነት አግኝቷል። የደወል ግዢው ጨረታ ግን በቂ ተጫራች ባለመቅረቡ ለ2ኛ ዙር ይወጣል።