አገር ይስጡኝ

ትልቅ ሰው ሕፃን ሲያገኝ የሚጠይቀው አራት ጥያቄ አለው። «ስምሽ ማነው?» «ስንት ዓመትሽ ነው?» «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አራተኛዋ ቤት የምታፈርሰዋ ናት፦ «ከአባትሽና ከእናትሽ ማንን አስበልጠሽ ትወጃለሽ?» እነዚህ ጥያቄዎች ከአያቶቻችን ዘመን ወዲህ አልተሻሻሉም። ደግሞ ስሟን የሚጠይቃት ሰው ብዙውን ጊዜ በ80 ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ቆሞ ያየ፣ ጠላውንም የጠጣ ነው። ዕድሜዋን የሚጠይቃትም እናቷ አራስ ሳለች መጥቶ ገንፎ የበላ ነው።

ልጄ ለአራቱም ጥያቄ መልሷ አንድ ነበር፤ የእናቷ ቀሚስ። እንግዳ ሲገባ ከቀሚሱ ኋላ ትሸሸጋለች። እናቷ ሱሪ የለበሰች ቀን መጋረጃው ውስጥ ትገባለች። ከዘመዶቻችን መካከል ጫማዋን እንጂ ፊቷን በወጉ የማያውቁ ነበሩ። «አቤት እንዴት አድጋለች!» የሚሉትም ከመጋረጃው ሥር የሚታየውን የጫማ ቁጥር እያዩ ነው።

እኔ ባደግሁበት ቤት ይህ ጠባይ ያስመርቅ ነበር። «ጭምት ናት፣ አንገቷን የደፋች» ተብላ ለሌላው ልጅ ምሳሌ ትሆን ነበር። በትልቅ ሰው ወሬ ጣልቃ የገባ ልጅ ቁንጥጫ ይቀምሳል፤ ያውም እንግዳው እንዳያይ ከጠረጴዛ ሥር። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እየተባልን አደግን፤ ከሊጡ ጋር ወሬያችንም አብሮ ተከለከለ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ዝም እንድንል የተቆነጠጥን ልጆች አድገን፣ ልጆቻችን እንዲናገሩልን ለመዋዕለ ሕፃናት በየወሩ እንከፍላለን። ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «በክፍል ውስጥ አትሳተፍም» የሚል ቃል የመጣ ዕለት ባለቤቴና እኔ እንደ ላብራቶሪ ውጤት ደጋግመን አነበብነው።

መድኃኒት የማያዝ ጠፋ። ጎረቤት ከልጆች ጋር አቀላቅሏት አለ። የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ቴኳንዶ አስመዝግባት አለኝ። የባለቤቴ አጎት፣ ጋሼ፣ የመረጡት ሕክምና መጮህ ነበር። «ጎበዝ ልጅ ጮክ ብላ ነው የምትናገረው!» ይሏታል፤ እሳቸው በጮኹ ቁጥር እሷ መጋረጃውን ወደ ራሷ ትስባለች።

ለውጡ የመጣው ማንም ሳያዝዘው፣ በክረምት ነው። እናቴ ከገጠር መጥታ እኛ ዘንድ ከረመች። እናቴ የልጅ ሥነ ልቦና የሚባል ነገር መኖሩን አልሰማችም፤ ብትሰማም ሥራ ፈትነት ነው የምትለው። ልጅቷን ምንም አልጠየቀቻትም። ስሟን እንኳ አልጠየቀቻትም፤ ታውቀዋለቻ! ሰፌድ ላይ ምስር እየለቀመች፣ ለማን እንደሆነ በማይታወቅ ሁኔታ፣ «እንቆቅልሽ» ትላለች። መልስ የለም። ትንሽ ቆይታ ትደግመዋለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጋረጃው «ምን አውቅልሽ» ብሎ መለሰ።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የአገር ገበያ ሆነ። እንቆቅልሹ ያልተፈታለት አገር ይሰጣል፤ አገር የተቀበለው ደግሞ እዚያ ሄዶ የበላውን የጠጣውን እየዘረዘረ ተሸናፊውን ሙልጭ አድርጎ ይሰድባል። ችግሩ፣ ልጄ የምታውቀው አገር በታክሲ የሚደረስበት ብቻ ነበር። መጀመሪያ ሜክሲኮን ሰጠች፤ ቀጥሎ ሳሪስን፣ ከዚያ ጀሞን። እናቴ ጀሞን ይዛ ምን ትበላበት! ስለዚህ ሌሎች አገሮች አስተማረቻት። ክረምቱ ሳያልቅ ልጅቷ ጠያቂ ሆነች፤ አክሱምና ሐረር ከአያቷ እጅ ወጥተው ወደ እሷ ዞሩ። እንቆቅልሾቹንም ራሷ መፍጠር ጀመረች። «ማታ ይገባል፣ ስልክ ያያል፣ ይተኛል» አለች አንድ ምሽት። አገር የሰጠሁት መልሱን አጥቼ አይደለም።

ነገሩን ሳስበው ቆየሁ። እኛ ልጅን የምንጠይቀው የምናውቀውን ነው፤ ልጅቷም ማወቃችንን ታውቃለች። ይህ ጨዋታ አይደለም፣ ፈተና ነው፤ ያውም ዘመድ ተሰብስቦ የሚያርመው። እንቆቅልሽ ላይ ግን መልሱ በጠያቂዋ እጅ ነው። ጢም ያለውም፣ ዲግሪ ያለውም «ምን አውቅልሽ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ዓይናፋር ልጅ ቃል አያጥራትም፤ አላዋቂ ሆኖ የሚቀርብላት ትልቅ ሰው ነው ያጣችው። አባባ ተስፋዬ ይህ የገባቸው ይመስለኛል፤ ቴሌቪዥን አገራችን ከገባበት ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲያወሩ፣ ድምፃቸውን እንደ እንስሳቱ እየለዋወጡ ራሳቸው ልጅ ይሆኑ ነበር።

የልጄ ልደት ጳጉሜ 3 ነው። ደሞዝ በማይከፈልባት ወር፣ የዘመን መለወጫው በግ ገና ሳይገዛ፣ ኬክ መግዛት ለወላጅም የድፍረት ልምምድ ነው። ዕለቱ ሩፋኤል ስለሆነ ዝናብ ከጣለ ጠበል ነው ተብሎ የሰፈር ልጅ ሁሉ ልብሱን አውልቆ ደጅ ይወጣል፤ የእኔዋ ሌላ ጊዜ ጃኬቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ በመስኮት ታያቸው ነበር። የእኔን ልደት «ክረምቱ የከበደ ጊዜ» እያለች የምታልፈው እናቴ ለልጅ ልጇ ድፎ ጋገረች። ጳጉሜን ስለምትጾምም ኬኩ የጾም ሆነ። ፈንዲሻው ተበተነ፣ የ5 ቁጥር ሻማ ተለኮሰ፣ እንግዳው ዙሪያውን ቆመ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው፣ ሻማው አፍንጫቸውን ሊፈጀው እስኪቃረብ፣ «ለመሆኑ ስንት ዓመትሽ ነው?» አሏት።

ቀሚሱ ተንቀሳቀሰ። ግማሽ ፊት ብቅ አለ።

«እንቆቅልዎ!»

በዚህ ጨዋታ ውስጥ አንቱታ ሲገባ የሰማሁት ያኔ ነው። ጋሼ እንደ መደንገጥ አሉና «ም… ምን አውቅልሽ» አሉ።

«ሲያበሩት ይዘፍናሉ፤ ሲያጠፉት ያጨበጭባሉ።»

ጋሼ አሰቡ። «ቴሌቪዥን» አሉ። አይደለም። «ራዲዮ!» አይደለም። የምሽት ክበብ ሊሉ ጀምረው ሚስታቸውን አይተው ተዉት። መልሱ ዓይናቸው ሥር እየነደደ ሰሙ ኬኩ ላይ ይንጠባጠባል።

«አገር ይስጡኝ» አለች ልጄ።

«ሞያሌን ወሰድሽ።»

«ሞያሌ ሩቅ ነው። ጎንደርን ይስጡኝ።»

ጋሼ የጎንደር ሰው ናቸው። ዙሪያቸውን ቃኙ፤ የሚያግዛቸው የለም። ሰጡ። እሷም ከቀሚሱ ሙሉ በሙሉ ወጥታ፣ በጨዋታው ሥርዓት መሠረት፣ «ጎንደር ሄጄ ኬክ ስበላ ለእርስዎ ፈንዲሻ ወረወርኩልዎ» ብላ በአክብሮት ሰደበቻቸው። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሻማውን ስታጠፋ በጣም ያጨበጨቡት ጋሼ ናቸው፤ መልሱ የገባቸው ያኔ ነው።

ታዲያ ልጅቷ በአንድ ቀን ሌላ ሰው ሆነች እንዳይመስላችሁ። ዛሬም ቢሆን «ሳሚኝ» ላለ ሁሉ አትስምም፤ እኔም አላስገድዳትም። ለዕንቁጣጣሽ ከሰፈር ልጆች ጋር አበባየሆሽ ስትወጣ መዝፈኑን ለደፋሮቹ ትታ ገንዘብ ያዥ ሆነች። ከሒሳቡ አንድም ሳንቲም አላመለጣትም። አራተኛዋን ጥያቄ፣ አባትሽን ወይስ እናትሽን የምትለዋን፣ ለጠየቃት ጎረቤትም «እርስዎስ ከልጆችዎ ማንን ያስበልጣሉ?» ብላ መልሳለታለች፤ ሰውየው እስካሁን እያሰበ ነው።

እናም ለልጅ ልደት የተጠራችሁ እንደሆነ ምክሬን ስሙኝ። ዕድሜውን ኬኩ ላይ አንብቡ። ስሙን ካላወቃችሁ እናቱን በጆሮዋ ጠይቁ። ሕፃኑን ግን የማታውቁትን ብቻ ጠይቁት፤ ያኔ ወሬው አያልቅባችሁም። ወደ እኛ ቤት የምትመጡ ከሆነ ደግሞ የምትሰጡት አገር ከወዲሁ አዘጋጁ። አክሱም፣ ሐረርና ጎንደር ተይዘዋል። ጀሞን አንቀበልም።