«የእኛ ሰው ነው የሠራው»፦ በጎብኚ ባሕርይ ላይ የተደረገ መለስተኛ ጥናት

ጎብኚ ማለት በገዛ ከተማው አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በብሔራዊ ሙዚየም በር ታክሲ ሲጠብቅ ኖሮ አንድም ቀን ወደ ውስጥ ያልዘለቀ፣ ባሕር ሲሻገር ግን ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ንጉሥ መቃብር ካላየሁ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ፍጡር ነው። ፍቺው የተወሰደው ከራሴ ነው።

ጥናቱ የተካሄደው በምዕራብ ህንድ፣ በጉጃራት ግዛት፣ በአህመዳባድ ከተማ ነው። ናሙናው ሁለት ሰው ሲሆን አንደኛዋ አክስቴ፣ ሁለተኛው እኔ ነኝ። አመራረጡ በዘፈቀደ አይደለም፤ እሳቸው ጉልበታቸውን ሊታከሙ ሄዱ፣ እኔ ደግሞ በአስታማሚነት ማዕረግ ሻንጣ ልሸከም ተከተልኩ። ሐኪማቸው «በቀን ትንሽ ትንሽ ይራመዱ» ማለታቸው የመስክ ሥራውን ሕጋዊ መሠረት ሰጥቶታል። ወጪው የተሸፈነው ከዕቁብ ነው። የሥነ ምግባር ፈቃዱንም አጎቴ በስልክ፣ «ብዙ እንዳትገዛ ጠብቃት» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሰጥተዋል።

ከተማዋ ለምርምሩ የተመቸች ናት። ሱልጣን አህመድ ሻህ በ1411 ከሳባርማቲ ወንዝ በስተ ምሥራቅ ቆረቆራት (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አክስቴ እያንዳንዱን በሰሙ ቁጥር ሰባት ወይስ ስምንት ይቀነስ እያሉ መንገድ ላይ ስለሚቆሙ ጉዞው ዘግይቷል)። በ2017 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገባት የመጀመሪያዋ የህንድ ከተማ ሆናለች። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ሱልጣኑ በወንዙ ዳር ጥንቸል ውሻ ስታሳድድ አይቶ፣ ጥንቸሉ እንዲህ የምትደፍርበት አገር ሰውማ ምን ሊያደርግ ነው ብሎ እዚያው ከተመ። ጎንደርም ዐፄ ፋሲል ጎሽ ተከትለው የደረሱባት ናት ስለሚባል፣ ከተማ የሚመሠረተው በአውሬ ምሪት ነው የሚለው መላ ምት ሁለት ማስረጃ አግኝቷል። መሐንዲሶች ከዚህ በኋላ የገቡ ናቸው።

መሐንዲሶቹም ቢሆኑ አልተመቻቸውም። የከተማዋ ግንብ ሲሠራ ማኔክናት የሚባል መናኝ ቀን ቀን ምንጣፍ ይሰፋ፣ ማታ ማታ ይተረትረው ነበር አሉ፤ እሱ ሲተረትር ቀን የተካበው ግንብ ይናዳል። በመጨረሻ ሱልጣኑ «ጥበበኛ ከሆንክ እስቲ እዚህ እንስራ ውስጥ ግባ» አለው፤ ተኩራርቶ ሲገባ አፉን ደፈነበት። ከዚያም ለክብሩ አደባባይ ተሰየመለት፤ ማኔክ ቾክ። አክስቴ ታሪኩን በጥሞና ሰምተው፣

«አሁን ገባኝ» አሉ። «የእኛ ኮንዶሚኒየም ጋም አንድ ምንጣፍ የሚሰፋ ሰው አለ።»

የመጀመሪያው የመስክ ቀን የከሸፈው በእኛው ጥፋት ነው። የከተማው ማዘጋጃ ቤት ከ1997 ጀምሮ የሚያካሂደው የእግር ጉብኝት አለ፤ ከካሉፑር ስዋሚናራያን ቤተ መቅደስ ተነስቶ በአሮጌዎቹ ሰፈሮች መካከል እየተጥመለመለ ትልቁ መስጊድ፣ ጃማ መስጂድ ላይ ያበቃል። መነሻው ስምንት ሰዓት ነው ተባልን። ስምንት ሰዓት ለአክስቴ ስምንት ሰዓት ነው። ምሳችንን በልተን፣ ጸሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ፣ ሁለታችንም ጥላ ይዘን በቤተ መቅደሱ በር ተሰየምን። አስጎብኚው ከሄደ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። ፈረንጅ በእኛ ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ማለቱን አክስቴ እስከ ዛሬ ይቅር አላሉም።

ስለዚህ ያለ አስጎብኚ ገባን። አክስቴ እጃቸውን ዘርግተው «ባጃጅ!» ብለው ሲጣሩ ሦስት ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪዎች በአንድ ጊዜ ቆሙ። በዚያ አገር ባጃጅ የፋብሪካው ስም ነው፤ ተሽከርካሪውን ኦቶ ወይም ሪክሾ ይሉታል። እኛ ግን የድርጅቱን ስም የዕቃው ስም አድርገን፣ ከባሕር ዳር እስከ ሐዋሳ አዳርሰን፣ አሁን ደግሞ ለባለቤቶቹ መልሰን አስተማርናቸው። ሹፌሩ ተደስቶ ይሁን ተደንቆ ባይታወቅም፣ በዋጋው ላይ ግን ደስታው አልታየበትም።

አሮጌው ከተማ «ፖል» በሚባሉ ሰፈሮች የተከፋፈለ ነው። ፖል ማለት አንድ በር ያለው፣ ውስጡ እንደ አንጀት የተጠማዘዘ፣ በአንድ ዘመድ ወይም በአንድ ሙያ ሰዎች የተሞላ መንደር ነው፤ ቤቶቹ ፊታቸው የተፈለፈለ እንጨት፣ ግቢያቸው ሥር የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ ያላቸው ናቸው። በየአደባባዩ በአንድ ምሰሶ ላይ የቆመች የተቀረጸች ትንሽ ሰገነት አለች፤ ቻቡትሮ ትባላለች፤ የወፍ ማብሊያ ናት። ስለ ወፏ ቤት ሁለት ገጽ ማስታወሻ ይዤ ቀና ስል አክስቴ የሉም።

የተገኙት ከአንድ ደጃፍ ላይ ነው። የቤቱ እመቤት ሰፊ ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። አክስቴም አጠገባቸው ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ ምስር ይለቅማሉ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። አንዷ ጠጠር ስታገኝ ለሌላዋ ታሳያለች፤ ሌላዋ ከንፈሯን ትመጥና ነጋዴውን በየቋንቋዋ ትረግማለች። ሁኔታው ሃያ ደቂቃ ያህል ቆይቷል። በጉብኝት መመሪያዎች ውስጥ ስላልተጠቀሰ ከጥናቱ ውጤት አውጥቼዋለሁ።

ወደ ዋናው ርዕስ እንመለስ። የጎብኚ ዋነኛ ሥራ አደራ መግዛት ነው፤ ቅርስ በአንዱ ሱቅና በሌላው መካከል ያለ የእግር መንገድ ነው። እኛ የያዝነው ዝርዝር ሠላሳ አንድ ዕቃ ነበረው። ከነዚህ አንዱን፣ አጎቴ በራሳቸው እጅ የጻፉትን ውስኪ፣ ማግኘት አልተቻለም፤ ጉጃራት ግዛት ሆና ከቆመችበት ከ1960 ጀምሮ መጠጥ የተከለከለባት ናት። ለአጎቴ ይህን ስነግራቸው፣ «ታዲያ ምን ሊጎበኝ ነው የሚሄደው?» የሚል ሳይንሳዊ ጥያቄ አንስተዋል።

የቀረው ሁሉ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ደግሞ የከተማዋ ሙያ ነው። የመጀመሪያው የጥጥ ፋብሪካ በ1861 ከተከፈተ በኋላ አህመዳባድ የህንድ ማንችስተር እስክትባል ድረስ ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች። ጉጃራቶች ለእኛም እንግዳ አይደሉም፤ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በሐረርና በአዲስ አበባ ገበያ ስሙ የገነነው የመሐመዳሊ ንግድ ቤት ከዚያው አገር የመጣ ነበር። እንግዲህ አክስቴ ዳልጋርዋድ በሚባለው የጨርቅ ገበያ ሲገቡ፣ የአያታቸውን ጸብ ሊጨርሱ የገቡ ይመስሉ ነበር።

ያነሱት ባንድኒ የሚሉትን ሻሽ ነው። ጨርቁ ከመነከሩ በፊት ነጥብ ነጥቡ በክር እየተቋጠረ ይታሰራል፤ ቀለሙ የታሰረው ላይ ስለማይገባ ሲፈታ ምስር የተዘራበት ይመስላል። ነጋዴው ሺህ ሁለት መቶ ሩፒ አለ። አክስቴ የታወቀውን የመርካቶ ቀመር ተጠቀሙ፤ ዋጋውን ሲሶ ማድረግ፣ ሻሹን እንደ ታመመ ሰው ማገላበጥ፣ ማማረር፣ መሄድ። ቀመሩ በመርካቶ ከሰባተኛው እርምጃ በፊት «ኧረ ይምጡ እናቴ!» የሚል ጥሪ ያስገኛል። እዚህ አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው እርምጃ ያለ ጥሪ አለፈ። አራተኛው ላይ ከኋላ አንድ ልጅ በርጩማ ይዞ መጣ፤ ሁለተኛ ልጅ ሻይ ይዞ ተከተለ። በወተት የፈላ፣ ዝንጅብል የገባበት፣ በትንሽ ብርጭቆ። አክስቴ ጉልበታቸውን አዩ፣ በርጩማውን አዩ፣ ተቀመጡ።

«አለቀልን» አሉኝ በአማርኛ። «የሰው ሻይ ጠጥቼ እንዴት ብዬ ልከራከር?»

ስድስት መቶ ሃምሳ ከፈሉ። የሻይ መሣሪያ ለመርካቶ ነጋዴዎች እንዳይገለጥ ይህ አንቀጽ በሚስጥር እንዲያዝ አሳስባለሁ።

ሐውልቶቹን በተመለከተ አጭር ልሁን። ጃማ መስጂድ በ1424 የተጠናቀቀ፣ 260 ዓምድ ያለው ግሩም ሥራ ነው፤ ዓምዶቹን ስቆጥር 83 ላይ አክስቴ ስለ ሻሹ ቀለም ጠይቀውኝ ጠፋብኝ። በባቡር ጣቢያው አጠገብ ደግሞ የሲዲ በሺር መስጊድ የሚወዛወዙ ሚናሬቶች አሉ፤ አንዱን ሲነቀንቁት ሌላው ይነቃነቃል ይባላል። የተመሳሳይ መስጊድ፣ የራጅ ቢቢን፣ አንዱን ሚናሬት እንግሊዞች ሚስጥሩን ለማወቅ ፈታተው መልሰው መግጠም እንዳቃታቸው ይነገራል። በአገራችን ሬዲዮ ፈቶ ያደገ ሰው ሁሉ ያዝንላቸዋል።

ሲዲ የሚለው ስም ግን አንድ ጆሮ ያስቆማል። በጉጃራት ሲዲና ሐብሺ የሚባሉት ከአፍሪካ፣ ከፊሎቹም ከእኛው አካባቢ የሄዱ ሰዎች ናቸው። እነሆ በከተማዋ መሐል፣ ላል ዳርዋዛ አጠገብ፣ ኦቶና አውቶቡስ ጡሩምባ እየነፋ በሚዞርበት አደባባይ ላይ፣ በ1572–73 የተሠራ አንድ ትንሽ መስጊድ ቆሟል፤ የሠራው ሲዲ ሰይድ ይባላል፤ ሐበሻ ነው። እኛ ዘንድ ዐፄ ሠርፀ ድንግል ነግሠው ነበር። እዚያ ደግሞ የጉጃራት ሱልጣኖች የመጨረሻቸው ነበር፤ መስጊዱ እየተሠራ ሳለ የሞጉሉ ንጉሥ አክባር መጥቶ ከተማዋን ያዘ። የመስጊዱ መስኮቶች፣ ጃሊ የሚሏቸው፣ ከአሸዋ ድንጋይ እንደ ዳንቴል የተፈለፈሉ ናቸው። ከነሱ በአንዱ ላይ ያለው፣ ቅርንጫፉ እርስ በርስ የተጠላለፈ ዛፍ የመላው ከተማ ምልክት ሆኗል፤ የታወቀው የከተማዋ የሥራ አመራር ተቋም ዓርማውን የወሰደው ከሱ ነው።

እዚህ ላይ ተመራማሪው ገለልተኛነቱን አጣ። «የእኛ ሰው ነው የሠራው» የሚለውን መጀመሪያ ለአክስቴ፣ ቀጥሎ ለኦቾሎኒ ሻጩ፣ ከዚያ ፎቶ ለሚነሱ ባልና ሚስት፣ በመጨረሻም ለትራፊክ ፖሊሱ ተናገርኩ። ፖሊሱ ጭንቅላቱን ወደ ግራና ቀኝ ወዘወዘ፤ እሺም እምቢም ሊሆን ስለሚችል እሺ ብዬ መዘገብኩት። ድንጋይ አላነሳሁም፣ መሮ አልጨበጥኩም፣ ግን በአሥር ደቂቃ ውስጥ ከአራት መቶ ዓመት በላይ የሆነውን ሥራ ግማሽ ድርሻ ይዤ ነበር።

ለጥናቱ ታማኝነት ሲባል አንድ ነገር መመዝገብ አለበት። ሐበሾች ወደዚያ አገር በብዛት የሄዱት በጉብኝት አይደለም፤ ተማርከው፣ ተሸጠው፣ በቀይ ባሕር ተሻግረው ነው። እዚያ ወታደር ሆኑ፣ አንዳንዶቹ የጦር አለቃ ሆኑ፤ ከሐረር አካባቢ ወጥቶ ተደጋግሞ የተሸጠው ማሊክ አምባር በደቡብ በኩል፣ በደካን፣ የመንግሥት አድራጊ ፈጣሪ እስከ መሆን ደርሷል። «የእኛ ሰው» የሚለው አጠራር የሚጀምረው መስኮቱ ካማረ በኋላ ነው። ሰውየው ወደብ ላይ ቆሞ ጥርሱ ሲቆጠር የማን ሰው እንደነበር ፖሊሱ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላነሳሁበትም።

አክስቴ በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ ቃል አልተናገሩም። ከመስኮቱ ትይዩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ የታመመውን እግር ዘርግተው፣ ወደ ላይ ያያሉ። ፀሐይ ከጀርባው ስትመጣ ዛፉ ጥቁር ይሆናል፣ ክፍተቱ ይበራል። ስንት ደቂቃ እንደቆዩ አልተለካም፤ ሰዓት ያዡ ከፖሊሱ ጋር ነበር።

«ና እስቲ እይ» አሉኝ። ጣታቸው አየር ላይ ቅርንጫፉን ይከተላል። «ይቺ ከዚህ ትነሳለች፣ በዚያኛዋ ሥር ታልፋለች፣ እዚህ ጋ ትወጣለች። ክሩን አንድ ቦታ አልበጠሰም።»

«ድንጋይ እኮ ነው አክስቴ።»

«ይሁና! በድንጋይ ከሆነ በክር ምን ያቅታል? በደንብ አድርገህ አንሳልኝ፣ ጫፉ እንዳይቆረጥ። ሽሮ ሜዳ ላለው ሸማኔዬ ነው የማሳየው፤ ለሙሽራ ቀሚስ ጥለት ይሆናል።»

አነሳሁ። እንደገና አስነሱኝ፤ አውቶቡስ ገብቶበታል። ከዚያ ሻሹን ከፌስታሉ አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉና አንድ ጊዜ እሱን፣ አንድ ጊዜ መስኮቱን እያዩ ቆዩ።

«የእጁን ስንት ከፍለውት ይሆን?» አሉ።

ስለ ሻሹ የጠየቁኝ መስሎኝ፣ «ስድስት መቶ ሃምሳ» አልኳቸው።