ሳሙና ወይም ዝምታ

ደሴ ላይ እርዳታ ሊጠይቅ የሚወጣ ሰው ከደረሰኝ በፊት ምላስ ይያዝ። ደረሰኝ የሌለውን «ማን ልኮህ ነው?» ይሉታል፤ ምላስ የሌለውን ግን ሸኝተው ይስቁበታል። ሲስተር ሁለቱንም ይዘው ነው የወጡት። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ስማቸውን የሚያውቅ ጥቂት ነው፣ መርፌያቸውን ያልቀመሰ ግን በሰፈሩ የለም። ከአንድ ትምህርት ቤት የጤና ክበብ ጋር ሆነው ከፒያሳ እስከ አራዳ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ። የሚጠይቁት ሦስት ነገር ነው፤ ሳሙና፣ ጀሪካን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት። አብራቸው የትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ ዜና አንባቢ አለች፤ እሷን ድምፅ ማጉያ መስጠት ትርፍ ወጪ ነው።

የተረብ ሕጉ የታወቀ ነው፤ የተቆጣ ተሸነፈ። እየሳቃችሁ ተከተሉን።

የመጀመሪያው ባለ ሱቅ ገና ሳሙና ሲባል ተከላከለ። «ሲስተር፣ እኛ ልጆች ሳለን ማን እጅ ታጠቡ አለን? በጭቃ እጃችን ቆሎ እየቃምን ይኸው አድገናል!»

«ያላደጉትማ መጥተው አይመሰክሩልህም፣ ልጄ።»

ሰውየው ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን ዋጠው። እናቱ የወለደችውና ያሳደገችው ቁጥሩ እንደማይገጥም ያውቃላ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን በብዛት ከሚቀጥፉት መካከል ሳንባ ምችና ተቅማጥ አሉ፤ በሳሙና የታጠበ እጅ ሁለቱንም ይቀንሳል። ምልልሱን የሰሙት የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ሐጂ አንድ ካርቶን ሳሙና ተሸክመው ብቅ አሉ።

«ሐጂ፣ እርስዎ ምን አለብዎት፤ በቀን አምስቴ ይታጠባሉ» አለ ባለ ሱቁ።

«አንተስ በቀን አምስቴ ትበላ የለም? በየማዕዱ ብትታጠብ እኩል በሆንን ነበር!»

ቀጣዩ ሱቅ ፖለቲከኛ ነው። «ይህ የመንግሥት ሥራ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የት ሄዱ?»

«በርህ ላይ ቆመዋል» አሉ ሲስተር። «ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. በገጠር ሲጀመር ከመጸዳጃ ቤት እስከ ክትባት 16 ጥቅል ነበረው። በኋላ ወደ ከተማ መጣ። ባለሙያዋ ያን ሁሉ ተሸክማ ስታንኳኳ ‹አባባ የሉም በላት› ብለህ ልጅህን የላክኸው ማን ሆነና? በነጻ ያስተማርከው ትምህርት ቢኖር ያ ውሸት ነው።»

ሦስተኛው ግን ቅሬታው እውነት ነበር። «ገንዘብ ከሆነ አልሰጥም። ለሕፃናት ተብሎ የተሰበሰበው አበል ሆኖ ሲያልቅ አይቻለሁ። ስለ ደሴ ልጆች ለመወያየት ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ያድራሉ፤ ደሴ ይበርዳል ብለው!»

ሲስተር አልተከራከሩም። «እውነትህን ነው። ለዚህ እኮ ነው ሳሙና የምንጠይቅህ። በሳሙና አልጋ የያዘ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

መውጫ ሲያጣ ሁለት ሳሙና አወጣ። ሚኒ ሚዲያዋ ሳሙናዎቹን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ አየቻቸው። «ሁለት ብቻ? ቅሬታዎ እኮ ካርቶን ሙሉ ነበር!»

ካፌ በረንዳ ላይ አንድ ጎረምሳ ማኪያቶ ይዞ ተቀምጧል። ሲመጡበት ሲያይ ደረቱን ነፋ። «እኔን አትጠይቁኝ፤ እኔ ራሴ በጎ ፈቃደኛ ነኝ።» ጽሑፉ ቲሸርቱ ላይ አለ።

«ቲሸርቱ በጎ ፈቃደኛ መሆኑንማ አነበብን። አንተስ?»

«የእጅ መታጠብ ቀን ትምህርት ቤታችሁ መጥቼ አስተምሬያለሁ። ፎቶ አለኝ!»

«ትዝ ይለኛል» አለች ልጅቱ። «ያን ቀን ግቢያችን ውስጥ የታጠበው ባነሩ ብቻ ነው፤ እሱም ዝናብ ደርሶለት።»

በቀኑ መከበር ማንም አይቀየምም። ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም ሁሉ በየዓመቱ ጥቅምት 5 ያከብረዋል። ችግሩ ያን ቀን የግቢው ቧንቧ ደረቅ መሆኑ ነበር። ጎረምሳው ልጆቹን አሰልፎ «እጃችንን መቼ መቼ እንታጠባለን?» ብሎ ጠየቀ። «ከምግብ በፊት»፣ «ከመጸዳጃ ቤት መልስ» የሚል ሲጠብቅ አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ እጁን አውጥቶ «ውሃ የመጣ ቀን!» አለ። ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር ባላት ከተማ ከዚህ የጠራ ሪፖርት ያቀረበ ባለሙያ አልሰማሁም።

የሲስተር ዘመቻ ከዚያ መልስ የተወለደ ነው። ልጁ ትምህርቱን ያውቀዋል፤ ያጣው ትምህርቱን የሚሠራበት ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት የሚለምኑትም ለንግግር አይደለም፤ ጀሪካን ሞልቶ፣ ሳሙና አስቀምጦ፣ ልጆቹ ከመጸዳጃ ቤት ሲወጡ አጠገባቸው የሚቆም ሰው ፈልገው ነው።

«ታዲያ ልጁ ከየት ተማረው?» አለ ጎረምሳው።

«ከካልሲ።» ሲስተር አልቀለዱም። መምህርት ብሩክታዊት ጥጋቡ ከባለቤቷ ጋር «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን በቴሌቪዥን ስትጀምር፣ ፀሐይ የተባለችው ቀጭኔ የካልሲ አሻንጉሊት ነበረች። ፊደሉንም ንጽህናውንም ለአገር ልጅ አደረሰች።

«ካልሲ ያስተምራል እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«የእሷ ካልሲ አገር አስተማረ፤ ያንተ ካልሲ ግን ጎረቤት አሰደደ!»

ማኪያቶው እዚያው ቀረ፤ ጎረምሳው ጀሪካን ተሸክሞ ተከተለ።

አራዳ አካባቢ ደግሞ ምሁር ገጠማቸው። «ለዓይን ማዝ መድኃኒቱ በነጻ ይታደል የለም? ፊት ታጠቡ እያላችሁ ልጅ የምታስጨንቁት ለምንድን ነው?» ክልላችን ትራኮማ ክፉኛ ከጠናባቸው የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። መከላከያው አራት እግር አለው፤ ቀዶ ሕክምና፣ መድኃኒት፣ ፊት መታጠብ፣ የአካባቢ ንጽህና።

«ቀዶ ሕክምናውን ሐኪም ይሠራልሃል» አሉ ሲስተር። «መድኃኒቱን ፋይዘር በነጻ ይሰጣል፤ የአትላንታው የካርተር ማዕከል እስከ መንደር እንዲደርስ ያግዛል። ፊትህን ግን አትላንታ አጥባ አትልክልህም!»

አጠገቡ ያለው ጣልቃ ገባ። «የእኔ ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው ዝንጅብል በማር ነው የምሰጠው። ይድናል። የምን የጤና ትምህርት፣ የምን ሳሙና!»

«ማሩን አብላው፤ ጤና ጣቢያም ውሰደው» አሉ፤ አሁን ድምፃቸው የነርስ ሆነ። ባክቴሪያ ያመጣው የጉሮሮ ሕመም በጊዜ ካልታከመ በአንዳንድ ልጆች ላይ የልብ ቫልቭ ያበላሻል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 እ.ኤ.አ. ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት አቋቁመው፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ማዕከሉ እስኪከፈት 20 ዓመት ፈጅቷል። «በፔኒሲሊን የሚቆም ነገር ይዘህ አዲስ አበባ ድረስ ሄደህ የልጅህን ደረት ልታስከፍት ነው?»

ሰውየው ደንግጦ የራሱን ደረት ያዘ።

«አብሽር፣ አንተን አያሰጋህም። ለመታመም መጀመሪያ ልብ መኖር አለበት!»

የመጨረሻው ሰው አሳዘነ። «ሲስተር፣ እኔ ድሃ ነኝ። ለራሴ የሌለኝን ከየት አምጥቼ ልስጥ?»

«ግሸን ሄደህ ታውቃለህ?»

«በየዓመቱ!»

«ምን ይዘህ ትመለሳለህ?»

«ጸበል።»

«እዳዬ አበበች ጎበናም በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለግሸን ማርያም መጥተው ነበር፤ ወሎ በተራበበት ሰዓት። ዳቦና ጸበላቸውን ለወደቀው አከፋፍለው፣ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናት ይዘው አዲስ አበባ ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ቤታቸው ውስጥ 21 ልጆች ሆኑ። ባላቸው ‹ወይ ልጆቹን ወይ እኔን› ቢሏቸው ቤቱን ለቀው ከልጆቹ ጋር ጎጆ ገቡ። ከዚያ የተነሳው ድርጅት ነው ስንቱን ያሳደገው። ሲነሡ ከአንተ የበለጠ ምን ነበራቸው?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «እሺ... አስቤበት እነግርዎታለሁ።»

«እሳቸውም ‹አስቤበት› ቢሉ ኖሮ እንዳንተ ጸበል ይዘው ነበር የሚመለሱት።»

ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ «ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት እመጣለሁ። ለልጆቹ ንግግር ላዘጋጅ?» አለ።

«ጀሪካን አዘጋጅ።»