«ቲያትሩ ይሻላል» ለማለት ለተነሡ ሁሉ

ስለ አንድ ፊልም አስተያየት ሊሰጡ ካሰቡ፣ አደራዎን፣ ፊልሙን አስቀድመው አይዩት። ያየ ሰው ያመነታል። «መጀመሪያው ደህና ነበር፣ መሐሉ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ፣ አጨራረሱ ግን…» እያለ ሲንተባተብ አቦሉ ያልቅና ወሬውን ሌላ ሰው ይቀማዋል። ያላየ ሰው ግን አቋሙ የጸና ነው። በተለይ ፊልሙ ከአንድ ስመ ጥር የመድረክ ኮሜዲ የተወሰደ ከሆነ ብዙ አይድከሙ፤ «ቲያትሩ ይሻላል» ይበሉና ዝም ይበሉ።

አባባሉ ግን ወግ አለው። ስኒውን ሲያስቀምጡ እንጂ ሲያነሡ አይበሉት። ዓይንዎን ከሰው ላይ አንሥተው ወደ መንገዱ፣ ወደ ሞጣ ወደሚያልፈው አይሱዙ ይላኩት፤ ትዝታ የያዘው ሰው ይመስላሉ። «የት ነው ያዩት?» የሚል ደፋር ከተነሣ «ድሮ ነው፣ አዲስ አበባ» ይበቃዋል። ድሮውን ግን አያርቁት። አንድ ወዳጄ ነገሩን ላክብድ ብሎ የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን «ፋቡላ» በመድረክ አይቻለሁ አለ። ያ ቲያትር፣ አውሬዎች እየተናገሩ ሹማምንቱን የሚሸነቁጡበት፣ የታየው ከመቶ ዓመት በፊት ነው፤ ንግሥት ዘውዲቱም አሳግደውታል። ወዳጄ ገና ጡረታ አልወጣም።

ይህን ሁሉ የምመክረው ራሴ ምክሬን ጥሼ ስለተቀጣሁ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ጎረቤቴ፣ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ከባሕር ዳር ሲመለስ በፍላሽ ፊልም ይዞ መጣ። ከጆርጅ በርናርድ ሾው ቲያትር የተወሰደው «ፒግማሊዮን» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው፣ ጥቁርና ነጩ። ላፕቶፑን ቡና ቤታችን ውስጥ በተደራረበ የቢራ ሳጥን ላይ አስቀመጠና ከጎኑ ቆሞ እየተረጎመ ያሳየን ጀመር። ሃያ ያህል ሰው ነበርን፤ ዝናብ ያስጠለላቸው ሦስት ገበያተኞች ጭምር፣ ከነጋቢያቸው ከነዱላቸው።

ታሪኩ ለእኛ ለጉንደ ወይን ሰዎች ብዙ ማብራሪያ አያሻውም። ኤሊዛ የምትባል አበባ ሻጭ አለች። ሂጊንስ የሚባል የቋንቋ ሊቅ ደግሞ አለ፤ ሰው አፉን ሲከፍት የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነ ይነግረዋል። ይህ ለንደን ላይ ጥበብ ይሆናል እንጂ፣ እዚህማ የጎንቻን ሰው ከቢቸና ሰው በአንድ «እህ» የማይለይ ማን አለ? ሊቁ ይህችን ልጅ በስድስት ወር ውስጥ አነጋገሯን ለውጬ የመኳንንት ልጅ አስመስላታለሁ ብሎ ይነሣል። መምህሩ ተርጉሞ ሳይጨርስ ከኋላ አንዱ «እኛ ቤት ስድስት ወር አልፈጀም» አለ። እኅቱ ለሦስት ወር አዲስ አበባ ቆይታ ስትመለስ «ሁኗል» ማለት ትታ «ሆኗል» እያለች እናቷን ስታርም ነው የከረመችው።

ከዚያ የታወቀው ቦታ ደረሰ። ኤሊዛ በትልልቅ ሰዎች ሻይ ግብዣ ላይ ተኮፍሳ ቆይታ ልትወጣ ስትል በእግርሽ ነው ወይ የምትሄጂው ተብላ ትጠየቃለች፤ ያቺ ሁሉ ሥልጠና በአንዲት ብልግና ቃል ብን ትላለች። ቲያትሩ እ.ኤ.አ. በ1914 ለንደን ላይ ሲታይ ተዋናይቱ ወይዘሮ ፓትሪክ ካምቤል ሳቁ እስኪበርድ ቆማ ጠበቀች፤ ከአንድ ደቂቃ በላይ እንደፈጀ ይነገራል። መምህራችን «በእግሬ? ምን ቆርጦኝ!» ብሎ ተረጎመው። ማንም አልሳቀም። ምን ቆርጦኝ ሁሉም ሰው ጧት ማታ የሚለው ነው፣ ምኑ ያስቃል? መምህሩ ፊልሙን አቆመው። «ቃሏ እኮ ነውር ናት፤ በንስሐ አባት ፊት እንደ መሳደብ ናት» አለ። «ታዲያ ስድቡን ንገረና!» አሉት። ቡና የምታፈላዋን ወይዘሮ አየ፣ ጣራውን አየ፣ በመጨረሻ ከገበያተኞቹ አንዱ ወደሆኑት አዛውንት ሄዶ ጆሯቸው ላይ ሹክ አላቸው። አዛውንቱ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ ይዘው በሳቅ ፈረሱ። እኛም ምን እንደተባለ ሳናውቅ ተከትለን ፈረስን። ፊልሙ ቆሞ ጠበቀን።

ይህችን ነገር ልብ ይበሏት፣ ለክርክር ትሆንዎታለች። የመድረክ ኮሜዲ ተዋናይ ጆሮው ያለው ተመልካቹ ዘንድ ነው፤ ሳቁ ሲነሣ ይቆማል፣ ሊበርድ ሲል የሚቀጥለውን ያቀብላል። ፊልም ማንንም አይጠብቅም። እርስዎ ሲስቁ ተከታዩ ቀልድ ያመልጥዎታል፤ ካልሳቁም አይደገምልዎትም። ስለዚህ ከስክሪኑ ሥር የተቀመጠና በር ላይ የቆመ ሰው ያዩት ሁለት ፊልም ነው። አንዱ «ያስቃል» ብሎ ይወጣል፣ ሌላው «ሰው ሲስቅ አየሁ» ብሎ ይወጣል፤ ሁለቱም አልዋሹም። ፊልሙን ለመጥላት የወሰኑ እንደሆነ እንግዲህ በሩ ጋ ይቀመጡ፣ እሸት በቆሎ በሚጠበስበት በኩል። ለመውደድ ከወሰኑ ቶሎ የሚስቅ ሰው ፈልገው ይጠጉ። ሁሉም እንደ እኛ መምህር የሚያቆም ጣት አያገኝም።

ጠቡ የተነሣው ግን በአጨራረሱ ነው፤ መቶ ዓመት የከረመ ጠብ ነውና አያፍሩበት። ሾው በቲያትሩ ኤሊዛን ከሂጊንስ ጋር አላጋባትም፤ ትታው ትሄዳለች። የለንደኑ ሂጊንስ፣ ኸርበርት ቢርቦም ትሪ፣ ይህ አልዋጥልህ አለውና መጋረጃው ሳይወርድ ለኤሊዛ አበባ ይወረውርላት ጀመር። ተመልካቹ ወደደለት፤ ደራሲው ጨሰ። ንዴቱም አልወጣለትም፤ እ.ኤ.አ. በ1916 ለመጽሐፉ ረጅም ማስከተያ ጻፈና፣ ልጅቱ ያገባችው ፍሬዲ የሚባለውን ገር ወጣት ነው ብሎ በሩን ጠረቀመው። የ1938ቱ ፊልም ሠሪዎች በመስኮት ገቡ። ኤሊዛን ወደ ሂጊንስ ቤት መለሷት፤ እሱም ጀርባውን እንደሰጣት «ኤሊዛ፣ ጫማዬ የት አባቱ ገባ?» ይላል፤ አለቀ። ሾው ለዚሁ ፊልም ድርሰት ከአጋሮቹ ጋር ኦስካር ተሸለመ። ተቆጥቶ ተሸላሚ ማለት ይኸው ነው።

ቡና ቤታችን በዚህች ጫማ ተሰነጠቀ። አዛውንቱ «ሽማግሌ አልላከ፣ ጥሎሽ አልጣለ፣ ጭራሽ ጫማ አምጪ?» ብለው ዱላቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። ወጣቶቹ ፍቅር ነው፣ እንዲያውም አፍሮ ነው እንጂ ሊያለቅስ ነበር አሉ። ቡና የምታፈላዋ ወይዘሮ ረከቦቱን እየጠረገች «የተመለሰችው ዕቃዋን ልትወስድ ነው፤ ፊልሙ ቶሎ አለቀባችሁ» አለች። ሾው ይህን ቢሰማ ማስከተያውን ባልጻፈ።

ከዚያ አንድ የቀድሞ የቅኔ ተማሪ፣ እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላሉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሰሙን ይዛችሁ ነው የምትጣሉት። ሰውዬው የፈለገው የሚጫማውን ነው? የእግር ጫማም እኮ አለ፤ የሚሳም። ነይና ጫማዬን ሳሚ ነው የሚላት።» ቤቱ ጸጥ አለ። እንግሊዝኛው ውስጥ እንዲህ ያለ ወርቅ የለም፤ ሾው ያላሰበው፣ መምህራችን ሳያውቅ በትርጉም ያስገባው ወርቅ ነው። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ያንን ትዕይንት በሌላ ዓይን ማየት አቃተኝ። ጎጃም ውስጥ ስለ ፊልም የሚከራከሩ ከሆነ የቅኔ ቤት ሰው ከየትኛው ወገን እንደተቀመጠ አስቀድመው ያጣሩ።

ሲረቱ መንግሥቱ ለማን ይጥሩ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. «ያላቻ ጋብቻ» የተባለውን ኮሜዲ የጻፈው እሱ፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የመኳንንት ልጅ ገጠር ወርዶ አስተማሪ እንዲሆንና አገልጋዩን እንዲያገባ አድርጓል። የሾው ሊቅ ልጅቱን ሽቅብ ይጎትታል፣ የእኛው ራሱ ቁልቁል ይወርዳል፤ ይህን ያሉ ጊዜ ማንም አይመልስልዎትም፤ ምክንያቱም «እስቲ እሱንም በፊልም ያሳዩን» የሚለው ጩኸት ይቀድማል። እዚህ ላይ እኔ ሥጋት አለኝ፣ ከምክሩ ወጣ ልበልና። የመንግሥቱ ኮሜዲ ያለው በአፍ ነው፤ በሰዎቹ አነጋገር፣ በወጋቸውና በመነቋቆራቸው። ፊልም ሠሪዎቻችን ደግሞ ገጠር የሚል ቃል ሲያዩ ድሮን ያስነሣሉ። ወይዘሮዋ አንድ ሽሙጥ ልትወረውር አፏን ስትከፍት ካሜራው ጮቄ ተራራ ላይ ይሆናል። ተራራው ያምራል፣ ግን አያስቅም።

ለልምምድ የሚሆን ጉዳይ ካስፈለገዎ ቅርብ አለልዎት። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ተከታታይ ድራማ ሆኖ በቴሌቪዥን በመጣ ጊዜ ጎጃም ውስጥ ዝም ያለ ሰው አላየሁም። እንዴት ዝም ይባላል? ዲማ ጊዮርጊስ ጎረቤታችን ነው፤ ሰብለ ወንጌልን የምናያት እንደ አክስት ልጅ ነው። አንዱ «በዛብህ እንዲህ አይደለም» ይላል፤ በዛብህን የት እንደሚያውቀው አልተናገረም። ሌላው ፊታውራሪ መሸሻ አስቁን ብሎ ይቆጣል፤ ገበሬ ላይ ዘምተው በገበሬ የተማረኩ ሰው ካላሳቁት ምን ሊያስቀው እንደሆነ እንጃ። በ1958 ዓ.ም. የወጣውን መጽሐፍ ያነበቡ «መጽሐፉ» ይላሉ። ከሁሉም በላይ ግን መልስ የሌለው አንድ ጥይት አለ፤ «ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲያነበው ይሻል ነበር»። ይህን አጥብቀው ሲናገሩ የሰማኋቸው ወጋየሁ ካረፈ በኋላ የተወለዱ ልጆች ናቸው። ከእነሱ ይማሩ፤ አንዳቸውም ስኒ ሲያነሡ አልተናገሩም።

መምህሩ በመጪው ቅዳሜ የዚያኑ የ«ፒግማሊዮን» ታሪክ ዘፈን ያለበትን ሊያመጣ ነው፤ «ማይ ፌር ሌዲ»ን፣ እ.ኤ.አ. የ1964ቱን፣ በቀለም የተሠራውን። ስምንት ኦስካር ያገኘ ነው። ሾው በሕይወት ሳለ ቲያትሩን ዘፈን አታድርጉብኝ ብሎ እንቢ ሲል ኖሮ፣ ከሞተ በኋላ ነው ያዘፈኑበት። ሦስት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ የቀረው ነው ተብሏል፤ ገበያተኞቹም እንመጣለን ብለዋል፣ ዝናብ ባይኖርም። እኔ በሩ ጋ ቦታ ይዣለሁ። ገና አላየሁትም፣ ግን የ1938ቱ ይሻላል።