ጨው የጠገበ የጎማ ትል በቤትዎ አበላሽተው ለመሥራት

የጎማ ትል ለማያውቁት፦ ከለስላሳ ፕላስቲክ ተቀርጾ መንጠቆ ላይ የሚሰካ፣ ዓሣ የሚያታልል ሐሰተኛ ትል ነው። ኒክ ክሬም የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1949 ኦሃዮ ባለው ቤቱ ውስጥ አቅልጦ ሠራው፤ ኋላም ለገበያ አበቃው። ከእሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ጨው ጨመሩበት፤ ጨው ያለበት ትል ፈጥኖ ይሰምጣል፣ ዓሣውም ከጎረሰው በኋላ ቶሎ አይተፋውም ይላሉ። እንግዲህ ግንብ ያነጸች ጎንደር ትል ያቅታታል? የሚከተለውን ምክር ሳያዛንፍ የፈጸመ ሰው ማጀቱን፣ ሳንባውንና ጣናን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ማበላሸት ይችላል።

አንደኛ፣ ጥሬ ዕቃ። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙበት ፕላስቲሶል የሚባል እንደ ወተት የነጣ ፈሳሽ ነው፤ የፒቪሲ ዱቄት በማለስለሻ ዘይት ተበጥብጦ ይዘጋጃል። እርስዎ ገንዘብዎን አያባክኑ። ቅዳሜ ገበያ ወርደው ያረጀ በረባሶ ይፈልጉ። በረባሶ የሚሠራው ከመኪና ጎማ ነው፤ የመኪና ጎማ ደግሞ አንዴ በድኝ ከበሰለ በኋላ ይነዳል እንጂ አይቀልጥም። ይህ ግን ተስፋ አያስቆርጥዎ። ጥቁሩ ጭስ የቀሃን ወንዝ ተሻግሮ ማዶ ያለው ሰው እስኪያስል ድረስ ያማስሉ። በረባሶ ካጡ ጀሪካን ይቆራርጡ። ጀሪካን እውነትም ይቀልጣል፤ ሲበርድ ግን ተመልሶ ጀሪካን ነው። ዓሣ የሚያታልል ትል ባይወጣዎትም ድንኳን የሚወጥር ካስማ ይወጣዎታል።

ሁለተኛ፣ ድስት። «ለትሉ የተለየ ድስት ይመደብ፤ ለምግብ ዳግመኛ አይዋል» የሚሉ ቅንጡዎች አሉ። አይስሟቸው። ከቤት ያለውን ምርጥ ብረት ድስት ያንሱ፤ ማታ ሽሮ ይሠራበታል። ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ዘይት ቅባት ወዳድ ስለሆነ ከሽሮው ዘይት ጋር ወዲያው ይዋደዳል። ባለቤትዎ «ይህ ሽታ ምንድን ነው?» ብለው ከጠየቁ አዲስ ቅመም ነው ይበሉ።

ሦስተኛ፣ እሳት። ትክክለኛውን ፕላስቲሶል ከሩቅ ዘመድ አስልከው ቢያገኙም ማበላሸት አይከለከልም። ፈሳሹ በመጀመሪያ ይወፍራል፤ ከዚያ 175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ እንደገና ቀጥኖ ጥርት ይላል፤ ለቅርጽ የሚፈሰው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ በፈላ ውሃ ላይ አስቀምጠው ያሙቁት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እስከ ማታ ቢያፈሉት ወተቱ ትል አይሆንም። ሲሰለችዎ ድስቱን አንስተው በቀጥታ በከሰል ፍም ላይ ይጣዱት፤ ቴርሞሜትር የሚባል ነገር አያስፈልግም። ፕላስቲኩ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቡናማ ሲሆን የሚወጣው ጭስ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለበት ነው፤ ዓይንና ጉሮሮ ያቃጥላል። ብርድ እንዳይገባ በርና መስኮቱን ግጥም አድርገው ይዝጉ። የከሰሉ ጭስ ብቻውን ሰው እንደሚገድል የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እርስዎ ሁለቱን ደርበው ይሞክሩት።

አራተኛ፣ ጨው። ይህ የምክራችን ልብ ነው። ጨዋታውን የሚያውቁት ጨው አድቅቀው፣ አድርቀው፣ መጠኑን ለክተው እያማሰሉ ይጨምራሉ። እርስዎ በታሪክ ይኩሩ፦ ከአፋር ምድር በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ይመጣ የነበረው፣ በጎንደር ዘመን እንደ ገንዘብ ይመነዘር የነበረው አሞሌ እያለ ደቃቅ ጨው ምን ያደርጋል? አሞሌውን በሙቀጫ ጠጠር እስኪሆን ብቻ ይውቀጡት፤ ክረምት ከሆነ ደግሞ ማታውን ውጭ ያሳድሩት። እርጥብ ጨው 175 ዲግሪ ከደረሰ ፕላስቲክ ውስጥ ሲገባ በጋለ ዘይት ላይ ውሃ እንደ ጠብ ማለት ነው፤ እርጥበቱ በቅጽበት ተንኖ የቀለጠውን ፕላስቲክ ወደ ፊትዎ ይረጨዋል። የቀለጠ ፕላስቲክ ደግሞ እንደ ውሃ አይፈስም፤ ቆዳ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። እጅጌዎን ሰብስበው፣ ወደ ድስቱ አጎንብሰው ይጠብቁ።

ጨውን ከጨመሩ በኋላ ማማሰል ይተዉ። ጨው ከፕላስቲኩ ስለሚከብድ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ መጀመሪያ የቀዱት ትል አልጫ፣ መጨረሻ የቀዱት የጨው ድንጋይ ይሆናል። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ተረት ያኔ ይረዱታል። መጠኑን በተመለከተ እጅዎ አይጠር። ጨው ሲበዛ ፕላስቲኩ ይሰባበራል፤ ገና መስመሩን ሲወረውሩ ትሉ ተቀዶ ወደ ሐይቁ ይሄዳል፣ መንጠቆው ራቁቱን ይቀራል።

አምስተኛ፣ ቅርጽ። ለጣሪያ የሚለሰነውን ጀሶ አቡክተው ቅርጹን ያውጡበትና ሳይደርቅ የጋለውን ፕላስቲክ ያፍሱበት። አዋቂዎች ጀሶውን ብዙ ቀን አድርቀው ላዩን በማሸጊያ ይቀቡታል፤ በውስጡ የቀረ እርጥበት ልክ እንደ እርጥብ ጨው ስለሚያፈነዳው ነው። እርስዎ አራተኛውን ምክር ተከትለው አንዱ ዓይንዎ ካልተጎዳ፣ ለሁለተኛው ዕድል ይስጡት።

ስድስተኛ፣ ማስቀመጫ። ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ጥቁሩን ትል ሁሉ በአንድ የልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ ይጠቅጥቁ። ቀለሙ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሻገራል፤ ማለስለሻው ዘይት ደግሞ አንዳንድ ጠንካራ ፕላስቲክ ስለሚበላ ትሉ ከሣጥኑ ጋር ይጋባል። ልጁ ሰኞ ለምሳ ሲከፍተው ምን እንደሚል ይጻፉልን።

ሰባተኛ፣ ማጥመድ። ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ጣና ዳር ወዳለችው ጎርጎራ ይውረዱ። ትሉን መጀመሪያ ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ ይወርውሩ፤ ቆሮሶ በአብዛኛው አልጌ ስለሚበላ በትልዎ ይገረማል እንጂ አይነካውም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ሐይቁን የወረረው የእምቦጭ አረም ካለበት ቢወረውሩ ደግሞ መንጠቆዎ እሱን ይዞ ይመጣል። ሐሰተኛ ትል የሚያሳድዱ ዓሦች ጣና ውስጥ በእርግጥ አሉ፤ ነጭ ዓሣ ከሚባሉት 15 ዝርያዎች 8ቱ ሌላ ዓሣ አሳደው ይበላሉ። የካርፕ ዓሣ ወገን የሆኑ አዳኝ ዝርያዎች በአንድ ሐይቅ እንዲህ መብዛታቸው የዓለም ተመራማሪዎችን የሚያስደንቅ ነው።

ስለዚህ እነሱን ለመጨረስ ወቅት ይምረጡ። ብዙዎቹ በክረምት፣ ከሐምሌ ጀምሮ፣ ዕንቁላል ለመጣል ወደ መገጭ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዙ አፍ ተሰብስበው ያገኟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ በኋላ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ በ1990ዎቹ አሥር ዓመታት ውስጥ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጡት ነጭ ዓሦች ሦስት አራተኛ ያህል ቀንሰዋል። መረቡ የተወውን ሩብ እርስዎ በጎማ ትል ይጨርሱት። ከመንጠቆ ተቀዶ የቀረውን ትል የዋጠ ዓሣ ሆዱ ሊፈጨው አይችልም፤ ጨዉ ሟሙቶ ይሄዳል፣ ጎማው ይቀራል።

አሁን ፌዙን እንተወው። ክረምት ገብቶ መሬቱ ሲርስ ከጎንደር እስከ አዘዞ፣ ከደባት እስከ ደባርቅ በየጓሮው አንድ ጊዜ አካፋ ቢያነሱ እውነተኛ ትል ይወጣል። አይቀለጥም፣ አይጨስም፣ ጨው አይፈልግም፣ ዋጋ የለውም፤ ዓሣ የዋጠው እንደሆነም ይፈጨዋል። የፕላስቲኩን ትል መሥራት ግድ ከሆነብዎ ግን በደጅ፣ በተለየ ድስት፣ በቴርሞሜትር፣ በጓንትና በመነጽር ይሥሩት፤ የተቀደደውንም ይዘው ይመለሱ። በየትኛውም ትል ቢሆን፣ ነጭ ዓሣ በሚራባበት ክረምት ከወንዝ አፍ ይራቁ።